የኮሌጁ ስምና የአባት ፊርማ

ባለፈው ወር ከአንድ የዚህ መጽሔት አንባቢ አራት ገጽ የሞላ ደብዳቤ ደረሰን። ጸሐፊው በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ ግዛት ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፥ በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ፥ የ57 ዓመት ሰው ናቸው። ባለቤታቸውም በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በሌሊት ተራ ይሠራሉ። የበኵር ልጃቸው ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ትፈጽማለች፤ ኮሌጅ ገብታ ልትማረው የመረጠችውም ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። «መምህር ሆይ፥ ልጄ ሕክምና ወይም የሒሳብ ሥራ ብትመርጥ ኖሮ ማንን እንደምጠይቅ ዐውቅ ነበር፤ በዚህ ነገር ግን የሚያውቅ ዘመድም ጎረቤትም አላገኘሁም» ይላሉ።

እኛም በዚሁ በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ የምንኖርና የምናስተምር ስለ ሆንን፥ ይህን የመሰለ ጥያቄ ከዚህ ቀደም በቃል ደርሶናል። ስለዚህ የጸሐፊውንና የልጃቸውን ስም ትተን፥ በፈቃዳቸው መልሳችንን በዚህ ዐምድ ልንጽፈው ወደድን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ሙዚቃዊ ቴአትር ማለት ንግግሩ፥ ዘፈኑና ጭፈራው ተዋሕደው አንድ ታሪክ የሚተርኩበት የመድረክ ሥራ ነው። ዋናው አደባባዩ በኒውዮርክ ከተማ ብሮድዌይ የሚባለው ሲሆን፥ በዚህ ስም የሚጠሩት የቴአትር ቤቶች 41 ናቸው። በዚያ የሚሠራ ተዋናይ እንደ ልማዱ በሳምንት 8 ጊዜ ይጫወታል፤ ማረፊያውም ብዙውን ጊዜ ሰኞ ነው እንጂ እሑድ አይደለም። ይህን የምንጠቅሰው እሑድ ልጆቻቸውን ከጐናቸው ማየት የለመዱ ወላጆች አስቀድመው እንዲያውቁት ብለን ነው። የክርስቲያን ልጅ በመድረክ ላይ መጫወቷ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ ግን ለንስሓ አባታቸው እንተወዋለን። ጸሐፊያችንም ይህን አልጠየቁንም፤ እርሳቸው የጠየቁን ስለ ስምና ስለ ገንዘብ ነው።

ልጅቱ ሁለት የመቀበያ ደብዳቤዎች በእጇ ይዛለች። አንደኛው በሩቅ ከተማ ከሚገኝ፥ ስሙ በተነሣ ጊዜ የቴአትር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ከሚሰማው የግል ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። የዓመቱ ወጪ ትምህርቱ፥ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ 84,000 ዶላር ሲሆን፥ ዩኒቨርሲቲው 22,000 ዶላር ረድቷታል። ስለዚህ በቤተ ሰቡ ላይ በዓመት 62,000፥ በአራት ዓመት 248,000 ዶላር ይቀራል፤ ይህም ዋጋው ከዓመት ዓመት ባይጨምር ነው፤ ይጨምራል እንጂ። ሁለተኛው ከገዛ ግዛታቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የዓመቱ ሙሉ ወጪ 31,000፥ ርዳታው 6,000፥ ቀሪው 25,000 ዶላር ነው፤ ከቤቷ እየተመላለሰች ብትማር ግን መኝታውና ምግቡ ስለሚወጣለት ከ12,000 ብዙ አይበልጥም፤ በአራት ዓመት 48,000 ማለት ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 200,000 ዶላር ነው። ልጅቱ የመጀመሪያውን ትሻለች፤ እናቲቱ ሁለተኛውን ይሻሉ። አባትየው «እኔ በመካከል ቆሜያለሁ፤ እምቢ ካልኋት ዕድሏን የሰበርሁባት እኔ ነኝ፤ እሺ ካልኋት ቤቱን የማፈርሰው እኔ ነኝ» ብለው ጽፈዋል።

አንባቢዎቻችን የእኒህን አባት ጭንቀት ያለ ቦታው እንዳያዩት ልጅቱ እዚህ ለመድረስ ያለፈችበትን መንገር ይገባናል። የዚህ ትምህርት አገባብ እንደ ሌላው ማርክ አስተላልፎ መጠባበቅ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ዘፈኖችን፥ ሞኖሎግ የሚባለውን ለብቻ የሚነገር ቃለ ተውኔት፥ ብዙ ጊዜም ጥቂት ጭፈራ በቪድዮ ቀርጾ መላክ አለ። በዚህ ያለፉት በጃንዩወሪና በፌብሩወሪ ወራት ኦዲሽን ወደሚባለው የመድረክ ፈተና ይጠራሉ፤ ከትምህርት ቤቶቹም ብዙዎቹ ተባብረው በኒውዮርክ፥ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ ከተሞች ይፈትናሉ። አንድ ልጅ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ትምህርት ቤት ማመልከቱ የተለመደ ነው፤ የማመልከቻው፥ የጉዞው፥ የሆቴሉና የድምፅ አሠልጣኙ ወጪ ኮሌጁ ሳይጀመር የቤተ ሰቡን ኪስ ያራቍታል። እጅግ ስመ ጥር የሆኑት ቤቶች ከሺህ ከሚበልጡ አመልካቾች መካከል የሚቀበሉት ከሠላሳ አይበልጥም። የጸሐፊያችን ልጅ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ ሆነች።

ከሺህ መካከል የተመረጠ ሰው ደግሞ ስለ ገንዘብ ማሰብ ውለታ ቢስነት ይመስለዋል። አባትም ልጁ በእንባ ደስ ስትሰኝ አይቶ የሒሳብ ማሽን ማውጣት ያፍራል። እኛ ግን ልጅቱ መመረጧ ስለ ልጅቱ የሚመሰክር ነገር ነው እንላለን፤ ቤቱ ሊከፍል መቻሉን አይመሰክርም። ያን ድምፅና ያን ትጋት ይዛ ወደ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ብትሄድ ድምፁም ትጋቱም አብሯት ይሄዳል።

የትምህርት ቤት ስም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው «ምስክርህ ከየት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ከቤተ ልሔም» ካለ ሌላ ጥያቄ አይከተለውም። ዝማሬ መዋሥዕት ሲሆን ዙር አምባ፥ ቅዳሴ ሲሆን ሰሌልኩላ፥ አቋቋም ሲሆን ጎንደር በአታ እንዲሁ ናቸው። ለዚያ ስም ተማሪው የሚከፍለው ግን ገንዘብ አልነበረም። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቦ፥ በየደጁ እየለመነ ይበላል፤ መምህሩም ስለ ማስተማራቸው ከእርሱ ዋጋ አይጠይቁም። ብርዱ፥ ረኀቡና የመንደር ውሻ ዋጋው ነበሩ። ያ ዋጋ ቀላል ነበር አንልም፤ ብዙ ልጅ ሞቶበታል። ነገር ግን የሚጻፈው በተማሪው ሰውነት ላይ እንጂ በአባቱ መሬት ላይ አልነበረም፤ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ አገሩ ሲመለስም ዕዳ ተከትሎት አይመጣም። አባቶቻችን ስለ ትምህርት ቤት ስም ያስተማሩን ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ «ለስም የማይከፈል ዋጋ የለም» የሚለውን የአገር ቤት ስሜት እንዳለ ወደ አሜሪካ ማምጣት ያሳስታል፤ እዚህ ዋጋው በወለድ ይቈጠራልና።

ከዚያው ትምህርት ሌላ ነገርም አይተናል። እኛ ራሳችን ዜማ የተማርነው በጎጃም በአንዲት ስሟ ከወረዳው በማያልፍ የገጠር ደብር ነው። የኔታ ግን የቤተ ልሔም ምስክር ነበሩ፤ ስሙ በእግሩ ወደ እኛ መጥቶ ነበር ማለት ነው። በአሜሪካም እንዲሁ ያለ ነገር አለ። በብሮድዌይና በዘዋሪ ቴአትሮች ብዙ ዘመን የሠሩ ሰዎች፥ ቤተ ሰብ መሥርተው የተረጋጋ ኑሮ በፈለጉ ጊዜ፥ በየግዛቱ ስማቸው ብዙ በማይጠራ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። የመምህራኑ የሥራ ታሪክ በየትምህርት ክፍሉ ተጽፎ ይገኛል። ወላጆች ለጉብኝት ሲሄዱ በሕንፃውና በመድረኩ መብራት ከመደነቃቸው በፊት ያን ጽሑፍ ቢያነቡ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ስም ከንቱ ነው አንልም። በፒትስበርግ ከተማ ያለው፥ ዛሬ ካርኒጊ ሜለን የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በድራማ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1914 ነው፤ በአሜሪካም የመጀመሪያው እርሱ ነበር። በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሙዚቃ ኮሌጅ የሙዚቃዊ ቴአትር ትምህርቱን ያቋቋመው በ1968 ነው። በአን አርበር ከተማ ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም ከእነርሱ ጋር ይጠራል። ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ተዋንያን በኒውዮርክ መድረኮች ብዙዎች ናቸው፤ ቀድሞ የወጣውም ተከትሎት የሚመጣውን ያስታውሳል፥ ቤት ያካፍላል፥ «እንዲህ ያለ ፈተና አለ» ብሎ ይነግራል። በመጨረሻው ዓመት ተመራቂዎቹን ወደ ኒውዮርክ ወስደው በተዋንያን ወኪሎችና በተዋናይ መራጮች ፊት ያቀርቧቸዋል። ትምህርት ቤቱ ስመ ጥር በሆነ መጠን በዚያ ቀን ወንበሩን የሚሞሉት ሰዎች ይበዛሉ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ስለ ሆነ ዋጋ ቢወጣለት አይነቀፍም።

ነገር ግን ያ ቀን አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ተዋናይቱ በፈታኞች ፊት ስትቆም የትምህርት ቤቱ ስም በወረቀቷ ላይ በአንድ መሥመር ይታያል፤ ቀጥሎ የሚሰማው ድምፅዋ ነው። ኦድራ ማክዶናልድ የተማረችው በስመ ጥሩ ጁልያርድ ትምህርት ቤት ነው፤ በ1993 የተመረቀችው ግን በክላሲካል ድምፅ እንጂ በሙዚቃዊ ቴአትር አልነበረም፤ እስከ 2014 ድረስ ስድስት የቶኒ ሽልማት ወስዳለች። ዴቢ አለን ደግሞ በወጣትነቷ ወደ አንድ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትና፥ ሰውነትሽ ለባሌት አይሆንም ተብላ ተመልሳለች። ከዚያ በዚሁ በዋሽንግተን ከተማ ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የግሪክ ሥነ ጽሑፍ፥ ንግግርና ቴአትር ተምራ በ1971 ተመረቀች፤ በ1980ና በ1986 በብሮድዌይ ለሠራቻቸው ሥራዎችም ለቶኒ ሽልማት ታጭታለች። ሃዋርድን የምናነሣው ስለ እርሷ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያውያን ሱቅና ምግብ ቤት ከሞላበት ሰፈር በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ፥ ሙዚቃዊ ቴአትር እንደሚያስተምር የማያውቁ ቤተ ሰቦች አጋጥመውናል። ሩቁን ስም የምናውቅ፥ የጎረቤቱን የማናውቅ ሆነናል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ምክራችን ግማሽ ይሆናል። ዐሥር ዓመት ያህል ይሆናል፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ካስተማርናቸው ልጆች አንዱ፥ ድምፀ መልካምና ትሑት ልጅ፥ ወደ አንድ ስሙ የተነገረለት የቴአትር ትምህርት ቤት ተቀባይነት አገኘ። አባቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ መጥተው «መምህር፥ ምን ይመስልዎታል?» አሉን። እኛም የትምህርት ቤቱን ስም ሰምተን ነበርና፥ የሒሳቡን ወረቀት ሳናይ «እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይገኝም፤ ይፈርሙለት» አልናቸው። ፈረሙ። ልጁ በሚገባ ተማረ፤ በትምህርቱም በመምህራኑም እስከ ዛሬ ቅሬታ የለውም። በተመረቀ በዓመቱ በሌላ ግዛት ያለ አንድ ትንሽ ቴአትር ለስምንት ሳምንት መልካም ቦታ ሰጠው። ደመወዙ ጥቂት ነበር፤ ማደሪያ ግን ይሰጠው ነበር። በዚያ ሙያ ጀማሪ የሚያድገው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። እርሱ ግን በየወሩ ለአበዳሪዎች የሚከፍለው ከዚያ ደመወዝ ይበልጥ ስለ ነበረ እምቢ አለ። ሁለተኛ ጥሪ መጣለት፤ እንደገና እምቢ አለ። ሦስተኛ አልመጣም። ዛሬ በአንድ የመኪና ኪራይ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። አባቱም ጡረታ በሚገባቸው ዕድሜ ሌሊት ሌሊት ይነዳሉ። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ባገኙን ቍጥር እንደ ቀድሞው ባርኔጣቸውን አንሥተው በአክብሮት ሰላምታ ይሰጡናል፤ ያ ሰላምታ ይከብደናል።

ከዚህ የተረዳነው ዕዳ ለሐኪምና ለተዋናይ አንድ አለመሆኑን ነው። ሐኪም ዕዳው ቢበዛ ትምህርቱን ሲፈጽም ደመወዙ ይጠብቀዋል። ተዋናይ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት ደመወዝ ያለውን መልካም ሥራ ለመቀበል፥ ዛሬ ተጠርቶ ነገ ለመሄድ፥ ሥራ በሌለ ጊዜም ለመታገሥ መቻል አለበት። ብሮድዌይ የደረሰ ተዋናይ በማኅበሩ ስምምነት መሠረት በሳምንት ከ2,000 ዶላር በላይ ይከፈለዋል፤ ይህን የሰማ አባት ልቡ ይሞላል። ነገር ግን በ1913 የተመሠረተው ይኸው የተዋንያን ማኅበር ካሉት አባላት አብዛኞቹ፥ የትኛውም ሳምንት ቢወሰድ፥ በቴአትር ሥራ ላይ አይገኙም። እንግዲህ ስመ ጥር ትምህርት ቤት የሰጠውን ጥቅም ያው ትምህርት ቤት ያመጣው ዕዳ መልሶ ሊወስደው ይችላል። በሩ ይከፈታል፤ የሚገባበት እግር ግን ታስሯል።

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ። የፌዴራሉ መንግሥት ለተማሪዋ በራሷ ስም የሚያበድራት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፥ በሁለተኛው እስከ 6,500፥ በሦስተኛውና በአራተኛው እስከ 7,500 ዶላር ነው፤ በአራት ዓመት 27,000 ይሆናል። ይህን ያህሉን አንዲት ወጣት ማናቸውንም ሥራ እየሠራች ልትከፍለው ትችላለች ብለን እናምናለን። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የአባት ወይም የእናት ፊርማ ይፈልጋል። «ፔረንት ፕላስ» የሚባለው የወላጅ ብድር ቀድሞ ከርዳታው የተረፈውን ወጪ በሙሉ ይሸፍን ነበር፤ በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፥ በጠቅላላውም ከ65,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወስኗል። አንዳንዶች «ሕጉ በድኻ ልጅ ላይ በር ዘጋ» ይላሉ፤ እውነትነት አለው። እኛ ግን ብዙ አባቶችን ከገዛ ፍቅራቸው ይጠብቃቸዋል ብለን እናስባለን።

ጸሐፊያችን 65,000ውን ቢበደሩ፥ በ2025-2026 የትምህርት ዓመት በተሠራበት በ8.94 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ለመጨረስ በወር 820 ዶላር ያህል መክፈል አለባቸው፤ ተደምሮ 98,000 ዶላር ያልፋል። ይህ ዕዳ በሕግ የወላጁ ነው፤ ልጅቱ ነገ ብትከብርም መንግሥት ወደ እርሷ ስም አያዛውረውም። የልጅቱ 27,000 እና የአባትየው 65,000 ተደምረው ደግሞ 92,000 ብቻ ናቸው፤ ከ248,000ው ገና 156,000 ይቀራል። ያን ለማግኘት ወደ ግል ባንክ መሄድ ነው፤ ባንኩም የሚያበድረው አባት ወይም እናት ዋስ ሆነው ሲፈርሙ ነው፤ ልጅቱ ባትከፍል የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው።

«የመንግሥት» የሚለው ቃል ደግሞ እንዳያታልለን። ሚሺጋንና ሲንሲናቲ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዝቅተኛው ዋጋ ለገዛ ግዛታቸው ልጆች ነው እንጂ ከቨርጂንያ ለምትሄድ ልጅ እጅግ ከፍ ይላል። በአንጻሩ የተጣራ ዋጋ የሚባለው፥ ማለት ከርዳታ በኋላ የሚቀረው፥ በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ከተጻፈው በብዙ ያንሳል። ከ2011 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ይህን የሚገምት ማስያ በድረ ገጻቸው እንዲያኖሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ልጅ ገና ሳታመለክት፥ ልቧም ሳይንጠለጠል፥ በእርሱ ማስላት ይቻላል። ለዘንድሮዋ ልጅ ጊዜው አልፏል፤ የሁለቱ ታናናሾቿ ወላጆች ግን ይጠቀሙበት።

ሁለቱን ቤቶች ለማመዛዘን ጥያቄውን ከስም ወደ ሥራ ማውረድ ያስፈልጋል። ቢ.ኤፍ.ኤ. የሚባለው ዲግሪ ከትምህርቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለሙያው ሲሰጥ፥ ቢ.ኤ. የሚባለው ሰፋ ያለ ስለ ሆነ ልጅቱ ሌላ እንጀራ የሚያበላ ትምህርት አብራ እንድትይዝ ቦታ ይተዋል። ለብቻ የሚሰጠው የድምፅ ትምህርት በሳምንት ስንት ደቂቃ ነው? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በመድረክ እንድትጫወት ይፈቀዳል ወይስ ትልልቆቹን ስታይ ትከርማለች? ከፍተኛ ዲግሪ የሚማሩት ዋና ዋናውን ቦታ ይወስዱታል ወይ? በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ተማሪ የሚቀንሱ ትምህርት ቤቶች ነበሩና ይህም ይጠየቅ። ከሁሉ በላይ ግን፥ ከአራት ዓመት በፊት የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ አንዱ ስመ ጥር አይደለም፥ ሁሉም። አንድ የታወቀ ምሩቅ ስለ ሌሎቹ ሃያ አይመሰክርም።

ለጸሐፊያችን በስልክ የነገርናቸው እንዲህ ነው። አስቀድመው ለስመ ጥሩው ዩኒቨርሲቲ የርዳታ ክፍል፥ የሌላውን ትምህርት ቤት ደብዳቤ አያይዘው፥ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ያመልክቱ። ይህ ልመና አይደለም፤ ክፍሉ የተቋቋመለት ሥራ ነው፤ የቴአትር ክፍሉም ለብቻው የሚሰጠው ርዳታ ሊኖር ይችላል። መልሱ ከመጣ በኋላ ልጅቱ በስሟ ከምትበደረው 27,000 በስተቀር፥ ቤቱ ከየወሩ ገቢው ያለ ብድር ሊከፍለው ከሚችለው በላይ አንድ ሺህ ዶላር እንኳ ቢበልጥ አይፈርሙ። ልዩነቱ ሃያ ሺህ ቢሆን ኖሮ ስለ ስሙ እንከራከር ነበር፤ በሁለት መቶ ሺህ ልዩነት ግን የሚያከራክር አላገኘንም።

ሁለተኛው ቃላችን ከዚህ ይልቅ ከብዷቸዋል፤ ይኸውም ወረቀቱን ከልጅቱ ጋር አብረው እንዲያዩት ነው። የእኛ አባቶች በልጆቻቸው ፊት ገንዘብ አጠረኝ ማለት ውርደት ይመስላቸዋል። «አንቺ ተማሪ፤ ገንዘቡን ለእኔ ተዪው» ይሏታል፤ እርሷም ቃሉን አምና ትሄዳለች። ከዚያ ዕዳውን የምታውቀው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መምረጥ አልፏል። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ብዙ መቶ መሥመር ቃለ ተውኔት በቃሏ የምትይዝ ከሆነ አንድ ገጽ ሒሳብ አይከብዳትም። እርሳቸው ጥቂት ዝም ብለው «እሺ፥ መምህር» አሉን።

በሳምንቱ ደወሉልን። ቅዳሜ ጧት እናቲቱ ከሌሊት ሥራ እንደ ተመለሱ ሦስቱም ወጥ ቤት ተቀምጠው ወረቀቱን አዩ። ልጅቱ ቍጥሮቹን በደብተሯ ገልብጣ፥ ራሷ ደምራ፥ «አባዬ፥ እኔ ስጨርስ ስንት ዓመትህ ይሆናል?» አለቻቸው። «61» አሏት። ዐሥሩን ዓመት ጨምራ 71 ብላ ጻፈች፤ ሌላ አልተናገረችም። በዚያው ቀን ለግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ጽፋ አንድ የድምፅ ትምህርት ገብታ እንድታዳምጥ ለመነች፤ ኀሙስ ሄደች። የድምፅ መምህርቷ በኒውዮርክ 11 ዓመት የሠሩ ሆነው ተገኙ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችም በበልጉ ትዕይንት ለመፈተን እንደሚፈቀድላቸው ነገሯት። ስለ ጭፈራው ትምህርት ግን የሰጧት መልስ አላረካትም፤ ከክፍሉ ኀላፊ ጋር እንድትነጋገር ቀጠሮ ተይዞላታል። ከስመ ጥሩው ዩኒቨርሲቲ የርዳታ ክፍል ይህን እስከምንጽፍበት ቀን መልስ አልመጣም። ቍርጡ የሚታወቅበት ቀን ሜይ 1 ነው፤ አባትየው የሆነውን እንደሚጽፉልን ነግረውናል።